ከሞተር ድምፆች መካከል

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል፤ ማለዳ የወረደው ጉም ግን ከተኛበት አልተነቃነቀም። መርከቧ ከወደቡ አፍ ራቅ ብላ፣ መልሕቋን ጥላ፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ባለችበት ቆማለች። በክብ መስኮቱ በኩል ባሕርም ሰማይም አይታይም፤ የሚታየው እንደ እርጥብ አንሶላ የተንጠለጠለ ነጭ ነገር ብቻ ነው። ከላይ የጉም ጡሩምባው በየጥቂት ደቂቃው ሲያገሣ የክፍሏ የብረት ግድግዳ ይንቀጠቀጣል፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፎጣ ይንቀጠቀጣል፤ በላይኛው አልጋ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ እንቅልፍ የሚለምነው ሰው ሆድም አብሮ ይንቀጠቀጣል። የመርከቧን ቤተ መጻሕፍት የሚጠብቅ እርሱ ነው፤ መርከበኛው ወደዚያ የሚመጣው ማታ ከሥራው ሲወጣ ነውና የእርሱ ቀን ሌሊት፣ የእርሱ ሌሊት ቀን ሆኖ ከኖረ ቆይቷል፤ በዚህ ሰዓት መተኛት ነበረበት። እንቅልፍ ግን ከራቀው ሰነበተ። ብርድ ልብሱን ወደ ፊቱ ስቦ ጉሙ ባይገለጥ ብሎ ይመኛል፤ ዛሬ ባይገለጥ፣ ነገም ባይገለጥ፤ ጉሙ ከተገለጠ መርከቧ ወደብ ትገባለች፣ ወደብ ከገባች ከመውረጃው ደረጃ ፊት ለፊት ባለው አዳራሽ በመስተዋት የታጠሩ ስልኮች አሉ፣ ከስልኩ ማዶ ደግሞ እህቱ ተቀምጣ ትጠብቀዋለች። ከላይ ስንቱ መንገደኛ ሻንጣውን አሰናድቶ፣ ልጁን አልብሶ፣ ሰማዩን እየረገመ ተቀምጧል፤ እርሱ ብቻውን ለጉሙ ይጸልያል። ይህን ባሰበ ጊዜ አፈረ፤ ማፈሩ ግን ምኞቱን አላስተወውም።

«ካሴቱን ላክልኝ» ብላዋለች እህቱ፣ ባለፈው ወደብ ሲደውልላት፤ ላክልኝ ያለችውም የእናታቸውን የመጨረሻ ድምፅ ነው። ካሴቱስ አለ፤ ይኸው ከትራሱ ሥር ነው፤ ጭንቅላቱን ባዞረ ቁጥር የፕላስቲኩ ጠርዝ ይቆረቁረዋል። የሌለው በውስጡ የነበረው ነው። ያጠፋውም እርሱ ነው፣ በገዛ እጁ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዘፈን እያንጎራጎረ። ሌባ ቢሰርቀው፣ ባሕር ቢወስደው፣ አይጥ ቢበላው ኖሮ ዛሬ የሚያለቅስ ሰው ይሆን ነበር፤ አሁን ግን ለማልቀስ እንኳ ፊት የለውም፤ የገደለ ሰው በቀብር ላይ ከፊት ቆሞ ደረቱን ሊደቃ አይችልምና።

ቤተ መጻሕፍት ይባል እንጂ መጽሐፉ ጥቂት ነው። ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለች፣ ሞቃት፣ ሳሙና ሳሙና የምትሸት ጠባብ ክፍል ናት፤ ሀብቷ ካሴት ነው። ከየአገሩ የተለቃቀሙት መርከበኞች ለንባብ የሚተርፍ ዓይን የላቸውም፤ ጆሮ ግን አላቸው፤ ድንች እየላጡ፣ ብረት እየቀቡ፣ ሰሃን እያጠቡ ያደምጣሉ፤ ዘፈን ያደምጣሉ፣ ስብከት ያደምጣሉ፣ የማያውቁትን ቋንቋ ትምህርት ያደምጣሉ፣ የተተረከ ልቦለድ ያደምጣሉ። እርሱም ይህን ሁሉ ድምፅ በቋንቋ፣ በዓይነትና በርዝመት ለይቶ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥርና ካርድ ሰጥቶ፣ ማዕበል እንዳያፈሰው በየመደርደሪያው ፊት የእንጨት መቀርቀሪያ አድርጎ ያኖረዋል። ጨውና እርጥበት ክሩን እንዳያሻግተው ያደርቀዋል፤ የቴፑን አፍ በአልኮል የራሰ ጥጥ ይጠርጋል፤ በየወሩም ሁሉንም ካሴቶች እያወጣ ከዳር እስከ ዳር ያጠነጥናቸዋል፤ ክር ተጠቅልሎ ብዙ ጊዜ ከተቀመጠ የአንዱ ዙር ድምፅ በላዩ ባለው ዙር ላይ ይታተማልና፣ ተናጋሪው ገና አፉን ሳይከፍት የቃሉ ጥላ ከሩቅ ሹክ ሲል ይሰማል። ይህ እንከን ነው፤ እርሱ ግን ይወደው ነበር። ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ነው፤ ቃል ከመነገሩ በፊት የሚሰማበት ስፍራ በምድር ላይ እንዳለ ማወቁ ደስ ይለው ነበር። ሥራውን ያስረከበው ሽማግሌ ግን እንዲህ ያለውን ቅኔ አይወድም ነበር። «ስማኝ፣ አንተ የተማርክ» ብሎታል በመጀመሪያው ቀን፣ «ካርዱ ላይ ውሸት እንዳትጽፍ። እዚህ ቤት ካሴት የሚባለው ፕላስቲኩ አይደለም፣ ካርዱ ነው። ሰው የሚያምነው እሱን ነው፤ አንተም ከስድስት ወር በኋላ የምታምነው እሱን ነው»። ሽማግሌው ይህን ብሎ ጡረታ ወጣ። እርሱም በሆዱ እየሳቀበት ቁልፉን ተቀበለ።

እናቱ ደብዳቤ አትወድም ነበር። «ወረቀት አያስልም፣ አይስቅም፤ ልጄ ደህና ይሁን አይሁን በምን ላውቅ?» ትል ነበር። ስለዚህ ካሴት ትልክለታለች፤ በአንዱ ገጽ እርሷ ትናገራለች፣ በሌላው እርሱ ይመልሳል፣ የእርሷን ግን አስቀድሞ ለራሱ ቀድቶ ያስቀራል። እነሆ አሁንም ትናገራለች፤ ጡሩምባው ዝም ባለበት መካከል፣ ከብርድ ልብሱ ሥር፣ «ይሰራል ይሄ ነገር? ቀይ መብራቱ በርቷል? አንቺ፣ መጥተሽ እዪልኝ! በርቷል? እሺ... እንዴት ነህ የኔ ሆድ? እኔ ደህና ነኝ። ማን ነው በሩን ያልዘጋው? አንተን አይደለም፣ የኔ ጌታ፣ እነዚህን ነው» ትለዋለች። ምድጃው ላይ ስለተጣደው ነገር ትጮኻለች፣ የጎረቤቱን ልጅ ሠርግ ታማለታለች፣ መሐል ላይ ታስነጥስና «ይማርሽ አትልም?» ብላ ቆም ትላለች፣ ይመልስ ዘንድ ጊዜ እየሰጠችው። እርሱም በዚያች ጠባብ ክፍል፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ «ይማርሽ፣ እማዬ» ይላል።

ታመመች ሲባል እነዚህ ካሴቶች ቀለል ቀለል እያሉ መጡ፤ ሳቁ አነሰ፣ ትንፋሹ በዛ። እህቱ ደውላ «ወንድምዓለም፣ ና። ስምህን ትጠራለች፣ ና» አለችው። የሠራተኞች ኃላፊዋም ደግ ሴት ነበረች፤ ቢሮዋ ጠርታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ «ከሚቀጥለው ወደብ አውሮፕላን እናሳፍርሃለን፤ እስክትመለስ ሰው እንተካለን። ሂድና እናትህን እይ» አለችው። እርሱ ምን አለ? «አመሰግናለሁ፤ ቀለል ብሏታል» አለ። ለእህቱ ምን አላት? «አልፈቀዱልኝም፣ እትዬ» አላት። ሁለት ውሸት በአንድ ቀን፣ አንዱ ሌላውን ደግፎ እንደ ሁለት ሰካራም የቆመ። ለምን? ገንዘብ አልነበረም፣ ሥራም አልነበረም። ፈርቶ ነው። ከካሴቱ የምትወጣዋን፣ ቤቱን በድምፅዋ የምትሞላዋን፣ በሩቅ ሆና ሰፈሩን የምታስተዳድረዋን ሴት ነበር የሚያውቀው፤ አልጋ ላይ ያለችውን ሌላይቱን ሊያያት አልደፈረም። በመራቁ ብዛት በጆሮ ብቻ የሚወድ ሰው ሆኖ ነበር፤ ዓይኑ ፍቅርን መሸከም ረስቷል። ይህን አሁን ይላል፤ ያኔ ግን «ቀለል ብሏታል» ብሎ ከቢሮው ሲወጣ ቀልሎት እንደነበር፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ እንደ ወረደ እግዚአብሔርም እርሱም ያውቃሉ።

ልጇ እንደማይመጣ የተነገራት እናት ቴፑን አስመጣች። «ሁላችንንም አስወጥታ ነው የተናገረችው» አለችው እህቱ በስልክ። «እኔን እንኳ ውጪልኝ አለችኝ። ገጹን እስኪሞላ ብቻዋን አወራች። ጎኑ ላይ ያሉትን ጥርሶች ሰብሬያቸዋለሁ፣ በስሕተት ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት። በቀይ የጥፍር ቀለምም ነጥብ አድርጌበታለሁ»። ካሴቱ በመርከቧ ወኪል እጅ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ደረሰው። በዚያው ማታ ቴፑ ውስጥ ከተተው፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አኖረ። ለምን አልመጣህም ብላ የምትጀምር መሰለው። ወይም ከዚህ የሚብሰውን፣ አይዞህ ልጄ አልከፋኝም ብላ የምትጀምር መሰለው። አወጣው። ነገ ይሰማዋል። ነገም ከተተው፣ አወጣው። በታችኛው አልጋ የሚተኙት ልብስ አጣቢው፣ በመርከቧ ላይ ቋንቋውን የሚናገሩት ብቸኛ ሰው፣ ይህን አይተው ዝም የሚሉ አልነበሩም። «አንተ ልጅ፣ ለሰው ሁሉ ካሴት ታድላለህ፣ የእናትህን ትፈራለህ? ብትሰማት ትገርፍሃለች እንዴ፣ ከዚያ ድረስ እጇን ዘርግታ?» ይሉታል። እርሱም የእርሳቸውን ዓይን ሽሽት፣ ከዓይናቸውም ይልቅ የራሱን እጅ ሽሽት፣ ካሴቱን ከክፍሉ አውጥቶ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ወሰደው።

በመደርደሪያዎቹ ግርጌ፣ በጥጉ፣ ማንም የማይዋሳቸው ካሴቶች ነበሩ። የሞተር ክፍሉ ሹም ለአዲስ መካኒኮች ማስተማሪያ ያስቀዳቸው የሞተር ድምፆች ናቸው፤ ሞተሩ ጤነኛ ሲሆን፣ ሲያስለው፣ ሲያነክስ፣ ውኃ ሲጠማው። የቀኙ ለብቻ፣ የግራው ለብቻ። እርሱም ለእናቱ ካሴት እንደ ሌሎቹ ነጭ ወረቀት ለጠፈ፣ ቀዩ ነጥብ ከወረቀቱ ሥር ተሸፈነ፤ ቁጥር ሰጠው፤ ካርድ አወጣለትና በዚያ በሚኮራበት ቁም ጽሕፈቱ «የግራ ሞተር፤ ዝቅተኛ ፍጥነት፤ ጤነኛ» ብሎ ጻፈ። ከሁሉም መጨረሻ አስገብቶ መቀርቀሪያውን ዘጋ። ብልሃተኛ መሰለው። እጅ የማይነካው ስፍራ ነው፣ የሚያውቀውም እርሱ ብቻ ነው፤ ልቡ በጠና ጊዜ ያወጣዋል። ልቡ ሳይጠና እህቱ «አረፈች» አለችው፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ እርሱም በመስተዋቱ ሣጥን ውስጥ ቆሞ፣ እንደምታየው ሁሉ፣ ራሱን ይነቀንቅላት ነበር። ከዚያ ወዲያማ ካሴቱን መክፈት ጭራሽ ሌላ ነገር ሆነ። እስካልሰማት ድረስ ገና አልጨረሰችም፤ የምትነግረው ነገር አላት፣ ቀጠሮ አላቸው፤ የሰማት ዕለት ግን ዝም ትላለች፣ ለዘላለም። እንዲህ እያለ ራሱን አሳመነ፣ አሳምሮም አሳመነ። ካርዱን በየወሩ ያያል፤ የግራ ሞተር፣ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ጤነኛ። መጀመሪያ ባየው ቁጥር ይደነግጥ ነበር፤ ኋላ ዓይኑ አልፎት መሄድ ለመደ፤ ከዚያም ሽማግሌው እንዳለው ሆነ፣ አመነው።

መርከቧ ለጥገና ስትገባ አሮጌዎቹ ሞተሮች በክሬን ወጡ፣ አዳዲሶቹ ገቡ። መንገደኛ የለም፣ የሌሊት ሥራ የለም፣ ፀሐይ አለ። የሞተር ክፍሉ ሹም፣ ግዙፍ፣ እጁ ከዘይት የማይጠራ፣ ቀልደኛ ሰውዬ፣ የቤተ መጻሕፍቱን በር በትከሻው ከፍቶ ገባ።

«የድሮዎቹን ድምፅ ደምስስልኝ፤ በነሱ ላይ የአዲሶቹን እንቀዳለን። እስከ ማታ ይድረሱ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም ነዋ! የሞተ ሞተር ድምፅ ምን ያደርግልሃል? እያዳመጥክ ልታለቅስለት ነው?»

ሳቀ። እርሱም ሳቀ። አዎን፣ አብሮት ሳቀ፤ ከሁሉም ነገር ይልቅ ዛሬ፣ በዚህ ጉም ውስጥ፣ ያ ሳቅ ነው አልለቀው ያለ። መደምሰሻው እንደ ካውያ ያለ፣ እጀታ ያለው፣ ከባድ ማግኔት ነው፤ ካሴቶቹን በጠረጴዛው ላይ ደርድሮ በላያቸው ላይ በዝግታ ያዞረዋል፣ ይገለብጣቸውና ደግሞ ያዞረዋል፤ ማድመጥ አያሻም፣ መክፈትም አያሻም። የተሰበረው ጥርስ ቴፕ እንዳይቀዳ ይከለክላል፤ ማግኔት ግን ጥርስ አይቆጥርም። እህቱ ቃሉን ከሌላ ቃል ጠብቃው ነበር፤ ከወንድሟ እጅ የሚጠብቀው መላ ግን አላወቀችም። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጀርባውን ታሞቀዋለች፤ አንድ የሠርግ ዘፈን ያንጎራጉራል፤ እጁ ይዞራል። ሲጨርስ የድሮውን ወረቀት በእርጥብ ጥጥ ያላቅቅ ጀመር። አንዱ ተላቀቀ፣ ሁለተኛው ተላቀቀ፣ የመጨረሻው ወረቀት ሲላቀቅ ከሥሩ ቀይ ነጥብ ብቅ አለ። እጁ ባለበት ቆመ። ዘፈኑ ግን ወዲያው አላቆመም፤ አፉ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን ዘፈነ፣ ዜናው ገና እንዳልደረሰው ሩቅ ዘመድ።

ያን ዕለት ነው እንግዲህ ካሴቱን የሰማው። በሩን ቆለፈ፣ ማዳመጫውን አደረገ፣ ያን ሁሉ ወር ያልተጫነውን ቁልፍ ተጫነ። ዝናብ የሚመስል ሽውታ ነበር፣ ሌላ ምንም። ገጹን እስከ መጨረሻው ሰማው። ገልብጦ ሰማው። ያ ይወደው የነበረው የቃል ጥላ አንድ ቦታ ላይ ተርፎ እንደሆነ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ ሰማው። አንድ ጊዜ ሳል የሰማ መሰለው፤ ማዳመጫውን ሲያወልቅ የሚያስለው ከግድግዳው ማዶ ያለው የልብስ ማጠቢያ ቧንቧ ነበር። በድምፅ የተሞላ ሳለ ለመስማት ያልደፈረውን ካሴት ባዶውን ሰባት ጊዜ ይሁን ስምንት ጊዜ፣ ቆጠራው እስኪጠፋበት ድረስ ሰማው።

ይህን ሁሉ ለእህቱ ሊነግራት ነበር ያለፈው ወደብ ላይ ሲደውል። እውነቱን ነው፣ ሊነግራት ነበር። እርሷ ቀደመችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እንዳትዋሸኝ ብቻ» አለች።

«ጠይቂኝ፣ እትዬ።»

«እማዬ... በካሴቱ ላይ ስለኔ ምን አለች?»

እርሷ መልሱን ፈርታ ቶሎ ቶሎ ማውራት ጀመረች። «ያን ለት ጠዋት ጮኼባት ነበር። መድኃኒቱን ተፋችው፣ እኔም ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ገደልሽኝ እኮ አልኳት። ገደልሽኝ! ለታመመ ሰው! ከዚያ ነው ቴፑን አምጪና ውጪልኝ ያለችኝ። ደግሞ ሳላናግራት... ማለት ከዚያ ወዲህ እህ ብላ አላናገረችኝም፣ ደከመች። ለማንም አልነገርኩም። ላንተ ነው የምነግርህ። ከስሳኛለች? ከሰሰችኝ፣ አይደል?»

እንደዚያ ያለውን ድምፅ ከእህቱ አፍ ሰምቶ አያውቅም፤ ታላቅ እህቱ ናት፣ እርሱን አዝላ ያሳደገች፣ በልጅነቱ የሚፈራት። አፉ ብቻውን ተከፈተ። «ኧረ እትዬ! ምን ነካሽ? መረቀችሽ እንጂ። ልጄ ደከመችልኝ፣ እጇ ይባረክ አለች። አንቺን መርቃ ነው የጨረሰችው»። በስልኩ ውስጥ ልቅሶ ሰማ፣ ከልቅሶው ሥር ደግሞ ሳቅ፣ ሁለቱ የተቀላቀሉበት፣ ከአንድ ጉሮሮ ይወጣል ብሎ ያላሰበው ድምፅ። «በል ተወው፣ ተወው፣ አታስለቅሰኝ» አለችው፤ ቀጥላም፣ «ካሴቱን ላክልኝ። ባንተ አፍ ሳይሆን በሷ አፍ ልስማው። አንዴ ብቻ። ከሚቀጥለው ወደብ ላክልኝ»።

ጡሩምባው አገሣ። በሩ ተከፈተና ልብስ አጣቢው ሳሙና ሳሙና እየሸተቱ ገቡ።

«አልተኛህም? ይኸው ዓይንህ ቲማቲም መስሏል።»

«ጉሙ እንዴት ነው፣ ጋሼ?»

«ምን እኔን ትጠይቀኛለህ፣ እኔ ካልሲ ነው የማየው። ቀለል እያለ ነው ይላሉ።» ታችኛው አልጋ ላይ ቁጭ አሉ፤ ጫማቸውን ሲያወልቁ አቃሰቱ። «እና ወሰንክ? ክሩ ተበጠሰ በላት አልኩህ እኮ። ካሴት ነው፣ ይበጠሳል፤ ማን ይፈርድብሃል?»

«የተበጠሰ ክር ይቀጠላል፣ ጋሼ። እሷም ታውቃለች።»

«እንግዲያው ባሕር ገባ በላት። ባሕሩ እንደሆነ ጠበቃ አያቆምም።» የራሳቸው ቀልድ አላሳቃቸውም። ቀና ብለው አዩት። «ያንን ነገርስ? ሌሊት ሌሊት በምላጭ የምትቆራርጠውን?»

እጁን ከትራሱ ሥር ከተተ። ከትራሱ ሥር ያለው ካሴት አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። ሁለተኛውን የሠራው እርሱ ነው። የእናቱን የቀድሞ ካሴቶች በሌላ ካሴት ላይ ቀድቶ፣ ከቅጂው ላይ ክሩን በምላጭ እየቆረጠ፣ ከአንዱ «ልጄ»ን፣ ከሌላው «ደከመችልኝ»ን፣ ስለ ጎረቤት ሙሽራ ከተባለው «እጇ ይባረክ»ን አውጥቶ፣ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ፣ በማጣበቂያ ቀጠለው። የእናቱ ድምፅ ነው፤ አንድም የሐሰት ፊደል የለበትም። ትንፋሹ ብቻ ያለ ቦታው ይወድቃል፤ ስትስቅ የተናገረችው ቃል ስትደክም ከተናገረችው ቀጥሎ ይመጣል፤ ለባዕድ ጆሮ ግን ምርቃት ነው። አሥራ አምስት ቃል ያህል ሆኗል። ሲጨርሰው ንጹሕ ሥራ በመሆኑ ለአፍታ ኮራ፤ ከዚያም ካርድ ሳያወጣለት ከትራሱ ሥር ሸሸገው።

«ላክላት» አሉ አጣቢው ቀስ ብለው። «ካንተ ሐቅ ይልቅ የሷ እንቅልፍ ይበልጣል። ነግረሃት የሚቀልለው ላንተ ነው እንጂ ለሷ አይደለም። ይህንን አስበህበታል?»

አስቦበታል። ከሁሉ የከፋው እርሱ ነው፣ አስቦበታል። እውነቱን ቢነግራት ምርቃቱን ይነጥቃታል፤ ባይነግራት በእናቱ አስከሬን ላይ አፍ ሠርቶ ያናግራታል። የትኛውም ወገን ንጹሕ አይደለም፤ በየትኛውም በኩል ቢዞር የራሱ እጅ አለበት። ይህን እያብላላ ሳለ ከላይ ጡሩምባው ዝም አለ፣ ዝም እንዳለም ቀረ። ከወለሉ ሥር አዲሶቹ ሞተሮች ተነሡ፤ መርከቧ በዝግታ ዞረች፤ በክብ መስኮቱ አንሶላው ተቀደደና አጥር፣ ክሬን፣ እርጥብ ጣሪያ ታየ። ሁለቱንም ካሴቶች በኮቱ ኪስ ከትቶ ወጣ።

አዳራሹ ሰው በሰው ነው። ከስልኮቹ ጎን የፖስታ መስኮት አለ፤ ከመስተዋቱ በስተጀርባ ያለችው ሠራተኛ ቴምብር በስፖንጅ እያረጠበች ትለጥፋለች። ፖስታ ገዛ፤ አድራሻውን ጻፈበት፤ ያችን ትንሽ ምርቃት ከተተበት። የሚቀረው ማሸግ ነው። መጀመሪያ ልደውልላት አለ፣ ልልክልሽ ነው ልበላት። ደወለ።

«ወንድምዓለም! ቀኑን ሙሉ እዚሁ ነኝ። ልጆቹን አስወጥቻቸዋለሁ እንዳይረብሹን። ቴፕ ተውሼአለሁ፣ ይኸው አጠገቤ። ላክኸው?»

«እትዬ...»

«ባይሆንልህ እንኳ ግድ የለም፤ ያልከኝን በቃሌ ይዤዋለሁ። ልጄ ደከመችልኝ ያለችውን። ሌሊት ስነቃ እሷን እየደጋገምኩ እተኛለሁ። ግን እንዴት ነው ያለችው? ቀስ ብላ ነው ወይስ ድምፅዋ ጠንከር ብሎ?»

እዚህ ላይ መልስ ነበረው፤ በእጁ ይዞታል፣ አሥራ አምስት ቃል። ቀስ ብላ ነው ማለት ይበቃ ነበር። ማለት አቃተው፤ ደግነት ይሁን ፍርሃት ራሱም አላወቀውም።

«ካሴቱ ተደምስሷል፣ እትዬ። እኔ ነኝ የደመሰስኩት። በስሕተት ነው፣ ግን እኔ ነኝ።»

በመስተዋቱ ማዶ አንዲት ሴት ሻንጣዋን ትጎትታለች። «እሺ» አለች እህቱ ቀስ ብላ፣ «እሺ። አይዞህ። ሰምተኸዋል ግን አይደል? ከመጥፋቱ በፊት ሰምተኸዋል። ያ ይበቃል።»

«አልሰማሁትም።»

«ምን?»

«አንድም ቀን አልሰማሁትም። ፈርቼ ነው። እንድመጣም ፈቅደውልኝ ነበር፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

እህቱ ቴፑን ከአጠገቧ ስትገፋው ይሰማል። «ምርቃቱስ?» አለች።

«የኔ ነው።»

«ያንተ...» አለች፤ ቃሉን ገልብጣ የምታየው ትመስል ነበር። አልጮኸችም። ብትጮኽበት በወደደ። «ያን ለት የነገርኩህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም ነበር። ለባሌም። ባትነግረኝ ምን ነበረበት? ተኝቼ ነበር እኮ። ስንት ወር ሙሉ ሳልተኛ ቆይቼ ተኝቼ ነበር።»

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

«ልጆቹ ደጅ ናቸው» አለች፤ «ብርድ ነው፣ ላስገባቸው»። ስልኩን ዘጋችው፤ እርሱ ጆሮው ላይ እንደያዘው ቆየ፤ ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ሰው መስተዋቱን በጣቱ ሲያንኳኳ ያልታሸገውን ፖስታ ኪሱ ከትቶ ወጣ።

እናቱ ልጆቿን አስወጥታ፣ ብቻዋን ሆና፣ ገጹን እስኪሞላ የተናገረችው ጠፋ። ማንም አልሰማውም። እህቱን ትክሰሳት ወይም ይቅር ትበላት፣ ከእንግዲህ የሚያውቅ ሰው የለም።